ቦንጋ የቀረው ወንድም

በዛወርቅ ወደዚያ ቤት የገባችው ዝናብ አስገድዷት እንጂ ተስፋ አድርጋ አልነበረም።

ቅዳሜ ነው። ከመንደሯ ከማንኪራ ተሸክማ ያመጣችውን ማር ረፋዱ ላይ ሸጣ፣ ጨውና ሳሙና ገዝታ፣ ልጇን ቀጸላን ክንዷን ይዛ ከቦንጋ ገበያ ስትወጣ ዶፉ ወረደ። ሰው በየቆርቆሮው ጥግ ተሸጎጠ። እናትና ልጅም ከገበያው ከፍ ብሎ ባለ አንድ ቤት በረንዳ ላይ ተጠለሉ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ውስጥ የተቀመጠች፣ ክራንቿን ከግድግዳው ያስደገፈች ሴት አየቻቸው። በአገሬው ቋንቋ በካፊኖኖ፣ በረንዳው ያፈሳልና ግቡ ብላ አግዳሚ ወንበር አሳየቻቸው።

ሴትየዋ አብርሆት ትባላለች። ቤቱ የአካል ጉዳተኞች ማኅበር ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ የከፈተው የመረጃና የድጋፍ ቤት ነው። መጀመሪያ ሰሞን አብርሆት በድምፅ ማጉያ ገበያ መሀል ቆማ ስትለፍፍ፣ ሕዝቡ ዘይትና ዱቄት የሚታደል መስሎት ጎርፎ ነበር። እሷ ግን የምታድለው ወሬ ብቻ ነበር፤ ሰው ሠራሽ እግር የት እንደሚሠራ፣ ዓይነ ስውር ልጅ የሚቀበል ትምህርት ቤት የት እንዳለ፣ ለየትኛው ጉዳይ የትኛው ቢሮ እንደሚኬድ። ወሬ አይበላም እያለ አብዛኛው ተበተነ። በዛወርቅም ያን ልፈፋ ከአንድም ሁለት ቅዳሜ ሰምታው አልፋለች። እሷ ያላለፈችው ነገር አልነበረም።

አብርሆት ልጅቷን አየት አድርጋ መስማት የተሳናት እንደሆነች ጠየቀች። በዛወርቅ በራሷ አዎንታ ሰጠች። ገና ጡት ሳትጥል ኩፍኝ ይዟት ጆሮዋን ወስዶት ቀረ።

«ስሟ ማን ነው?»

«ቀጸላ።»

«እሷስ ስሟን ታውቀዋለች?»

በዛወርቅ ጥያቄው አልገባትም። የማትሰማ ልጅ ስሟን በምን ታውቀዋለች? የቀሚሷን ጫፍ ጨመቀች። አብርሆትም አልተጫነቻትም። ክራንቿን አንሥታ ወደ ጓዳው በር ሄደችና ከፈተችው። ውስጥ ሰባት ስምንት የሚሆኑ ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ፍቅሩ የሚባል፣ ራሱ መስማት የተሳነው መምህር መሀል ቆሟል። እጆች ይነሣሉ፣ ይወድቃሉ፣ ይጠማዘዛሉ፤ ፊቶች ይስቃሉ፣ ይቆጣሉ። ከጣራው ላይ ዝናብ በቀር ድምፅ የለም።

ቀጸላ ተነሥታ በሩ ላይ ቆመች። ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አላለችም። ዝናቡ ሲያባራ በዛወርቅ ክንዷን ሳበቻት፤ ልጅቷ የበሩን መቃን ያዘች። ደግማ ሳበቻት፤ አለቀቀችም። ዐሥራ ሰባት ዓመት ያለፋትን ልጅ በሰው ፊት ከመቃን ለማላቀቅ መታገል ነውር ነውና በዛወርቅ ተመልሳ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ነገሩ እንዲህ ተጀመረ። ይሁን ያለም፣ ይቅር ያለም አልነበረም።

በዛወርቅ ድሮ እንዲህ ሁሉን ሰምታ የምታልፍ ሰው አልነበረችም። በልጃገረድነቷ በማንኪራ ሠርግ ላይ ከእሷ በላይ የሚዘፍን አልነበረም ይባላል። ወልደሥላሴን አግብታ መጀመሪያ ተድላን፣ ቀጥላ ቀጸላን ወለደች። ቀጸላ አለመስማቷ ሲታወቅ ጎረቤት ከንፈሩን መጠጠ እንጂ እሷ ብዙም አልከፋትም፤ ተድላ ነበራ። ልጁ ከእኅቱ ጋር የራሱን መነጋገሪያ ፈጠረ። ውኃ እንዲህ፣ ላም እንዲህ፣ አባባ እንዲህ። ቀጸላ ደግሞ እሱን የምትጠራው በሌባ ጣቷ ግንባሯን ጫር አድርጋ ነበር፤ ተድላ ግንባሩ ላይ ከአጥር ወድቆ ያተረፋት ጠባሳ ነበረችው።

ቀጸላ ገና የወተት ጥርሷን ሳትነቅል፣ በክረምት፣ ተድላን ወባ ጣለው። ትኩሳቱ ሲብስ የሰፈሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ቦንጋ ሆስፒታል ወረዱ። ልጁ በቃሬዛው ላይ ሆኖ ለእኅቱ እጁን እያወዛወዘ ነበር የሄደው። እናትና አባት ተከትለው ሄዱ፤ ቀጸላ ጎረቤት ዘንድ ቀረች። በማግስቱ ተድላ ሞተ። ሌሊቱን በዘነበው ዝናብ ወንዙ ሞልቶ የእንጨት ድልድዩን ጠርጎት ስለነበር አስከሬኑን ማሻገር አልተቻለም። እዚያው ቦንጋ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቀበሩት። ውኃው ሲጎድል ባልና ሚስት ባዶ ቃሬዛ የያዙ ሰዎችን ተከትለው ተመለሱ። በዛወርቅ ራሷን ተላጭታ ነበር።

ለቅሶው አለፈ። እሷ ግን ያለቀሰችውም እዚያው ቦንጋ ነው፤ ማንኪራ ስትደርስ ዓይኗ ደርቆ ነበር፣ እንደ ደረቀም ቀረ። ሥራዋን አልተወችም። እንሰት ትፍቃለች፣ ቡና ትለቅማለች፣ ለባሏ ምሳ ታደርሳለች። ሰው ሲስቅ ትስቃለች። ከላይዋ ሳይጎድል ከውስጧ የሆነ ቦታ እንደተቀመጡበት እግር ደንዝዞ ቀረ። ቀጸላ ግንባሯን በጣቷ በጫረች ቁጥር እናቷ እጇን ይዛ ወደ ታች ታወርደዋለች፤ ሳትቆጣ፣ ዝም ብላ። ልጅቷ ውሎ አድሮ ምልክቱን ተወችው። ስለ ተድላ በዚያ ቤት ከዚያ ወዲያ በአፍም በእጅም አልተወራም።

ከዝናቡ ቀን በኋላ ቀጸላ ቅዳሜ ቅዳሜ ቀድማ ተነሥታ በር ላይ ትጠብቃት ጀመር። ጥቂት ወራት ሲያልፉ አብርሆት ትምህርቱ ሳምንቱን ሙሉ ቢሆን እንደሚሻል መከረች። ወልደሥላሴ ቦንጋ እኅት ነበረችውና፣ ተሾመች የምትባል፣ ልጅቷ እሷ ቤት አረፈች። በዛወርቅ ስትለያት ያዘነች አይመስልም ነበር። ተሾመች ይህን አይታ፣ ይቺ ሴት ከድንጋይ ናት እንዴ ብላ ለባሏ ነግራለች።

ችግሩ ሌላ ነበር። ቀጸላ ከተማ ውስጥ ወንድ ላይ ታፈጣለች የሚል ስሞታ መጣ። ተሾመች ለበዛወርቅ እንደነገረቻት፣ ልጅቷ መንገድ ላይ የጎረምሳ ፊት ካየች ቆማ ትመለከታለች፤ ሻይ ቤት በር ላይ ቆማ የተቀመጡትን አንድ በአንድ ታያለች፤ አንድ ጊዜማ የአንዱን ሚኒባስ ረዳት ኮፍያ በእጇ ከፍ አድርጋበት ሰው ሁሉ ስቋል። በዛወርቅ ራሷም በገበያ መሀል አይታታል። አፍራ ክንዷን ቆነጠጠቻት። ቀጸላ እጇን እያሻሸች ወደ ሌላው ፊት ዞረች።

ከጥምቀት በኋላ በአንዱ ቅዳሜ፣ በዛወርቅ ልጇን ልትጠይቅ ስትመጣ አብርሆት በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

«እትዬ በዛወርቅ፣ እስቲ ትንሽ አረፍ ይበሉ። ቀጸላ የምትጠይቅዎ ነገር አላት።»

ውስጥ ራሕመት የምትባል ወጣት ተቀምጣለች። የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ታናሽ ወንድሟ መስማት የተሳነው በመሆኑ የምልክት ቋንቋውን ተምራ ታስተረጉማለች። ቤተሰቦቿ ከጅማ በኩል ስለመጡ ካፊኖኖዋ ከገበያ ቃል አያልፍም፤ ስለዚህ የቀጸላን እጅ የምትተረጉመው ወደ አማርኛ ነው። በዛወርቅ ደግሞ አማርኛ ታውቃለች፤ የምትሸጥበትና ቢሮ የምትቆምበት ቋንቋዋ ነው።

ቀጸላ ከፊቷ ቆመች። ግንባሯን በጣቷ ጫር አደረገች። ለዓመታት ያልታየችው ምልክት ስትወጣ በዛወርቅ እጇን ልትዘረጋና ልታወርደው አሰበች፤ ክንዷ ግን ከጭኗ አልተነሣም። ከዚያ የልጅቷ እጆች በማታውቀው ቋንቋ ቀጠሉ።

ራሕመት የመጀመሪያውን ምልክት እንደማታውቀው፣ ቤት ውስጥ የተፈጠረ ምልክት እንደሚመስላት ተናገረች። ከዚያም፣ «ወንድሜ ነው ትላለች» አለች፤ ዓይኗን ከቀጸላ እጅ ሳታነሣ መተርጎም ጀመረች። «ወደ ቦንጋ ተሸክመው ሲወስዱት አይቻለሁ። ከመጣሁ ጀምሮ እየፈለግሁት ነው። አድጎ ፊቱ ተለውጦ ይሆናል፤ ጠባሳው ግን አይጠፋም። ግንባራቸውን እያየሁ ብዙ ሰው አለፍሁ። እናቴ ታውቃለች። ወንድሜ የት ቤት ነው ያለው?»

በዛወርቅ የራሕመትን ጥፍር ተመለከተች፤ ሂናው ወደ ጫፉ ተገፍቶ ከሥሩ ነጭ ወጥቷል። ውጪ አንድ ሰው አህያውን ይጣራል። ይህን ሁሉ ስትሰማና ስታይ ነበር። የምትፈልገውን ቃል ግን ከሩቅ ቦታ ሄዳ ማምጣት ነበረባት።

«ሞቷል» አለች።

በአማርኛ ነው ያለችው። በካፊኖኖ ልበለው ብትል አፏ እሺ ይላት እንደሆነ እስከ ዛሬ አታውቅም።

ራሕመት እጇን አላነሣችም። ወደ አብርሆት ዞረች። አብርሆት አንገቷን ሰብራ፣ «እንዳሉት ንገሪያት» አለች። ያን ጊዜ ራሕመት ሁለት እጇን ዘረጋችና ገለበጠቻቸው። ቀጸላ ያን ምልክት የተማረችው የተሾመች ውሻ የሞተ ሰሞን ነበር። ወደ እናቷ አየች፣ ወደ ራሕመት ተመለሰች፣ እንድትደግመው ጠየቀች። ራሕመት ደገመችው።

«መቼ? ትላለች።»

«ያኔ። በሄደ በማግስቱ።»

ቀጸላ እጆቿን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ ሲንቀሳቀሱ ራሕመት ልትከተላቸው ተቸገረች። «ለምን አልነገራችሁኝም?»

«የምታውቂ መስሎኝ ነበር» አለች በዛወርቅ። አሁን በካፊኖኖ ነበር፤ አብርሆት ለራሕመት በአማርኛ ታቀብላለች፣ ራሕመት ለቀጸላ በእጅ። ቃሉ በሁለት ሰው እየዞረ ሲደርስ እናቲቱ የልጇን ፊት ትጠብቃለች። «ሁሉም ሲያለቅስ አይተሻል። ራሴን ተላጭቼ ስመለስ አይተሻል።»

«ራስሽን ተላጭተሽ ስትመለሺ የታመምሽ መስሎኝ ነበር። እሱን ደግሞ ስለሚሰማ ከተማ ልካችሁት፣ እኔን ስለማልሰማ ያስቀራችሁኝ መሰለኝ። ረስቶኝ ቀረ ብዬ ተቀይሜው ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ተቀይሜው ነበር።»

ራሕመት የመጨረሻዋን ስትተረጉም ድምፅዋ ተሰበረ። አብርሆትም ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። በዛወርቅ ብቻ እንደተቀመጠች ነበረች። ማልቀስ እንደሚገባት ታውቅ ነበር፤ ሌሎቹ በእሷ ፈንታ ሲያለቅሱ ማየት እንደ ሌላ ሰው ለቅሶ ሆነባት። ቀጸላ አንድ ነገር ብቻ ጨመረች፤ መቃብሩን አሳዪኝ አለች።

በዛወርቅ ያን ሁሉ ቅዳሜ ቦንጋ ስትመላለስ በቤተ ክርስቲያኑ በር አልፋ አታውቅም። ቅርብ የሆነውን መንገድ ትታ በሌላው ትዞር ነበር። ያን ቀን ልጇን አስከትላ ገባች። ግቢው ተለውጧል። ዘበኛው የሚያውቁትን ያህል ለማሳየት እየሞከሩ፣ በዚያ በኩል አጥሩ ሲታደስ አፈሩ ተገላብጦ እንደነበር፣ ምልክት ያልነበራቸው መቃብሮች ከጥዱ እስከ አጥሩ ባለው መሀል እንደሚሆኑ ነገሯት። ሣሩ እስከ ጉልበት ነበር። በዛወርቅ እዚህ ነው ለማለት አንድ ቦታ መምረጥ ነበረባት፤ አልቻለችም። በእጇ ሰፊውን ሣር ከዳር እስከ ዳር አሳየች።

ቀጸላ ሣሩ ላይ ተንበረከከችና ጮኻ አለቀሰች። ድምፅዋን ስለማትሰማው አታለዝበውም፤ ወፍራም፣ ከሆድ የሚወጣ ድምፅ ነበር። ለመሳለም የመጡ ሰዎች ቆመው አዩ። በዛወርቅ በሌላ ጊዜ ቢሆን አፏን ትይዝላት ነበር። ዛሬ ነጠላዋን አውልቃ ትከሻዋ ላይ ጣለችላትና ከጀርባዋ ቆመች። ልጅቷ እስኪበቃት ጠበቀች። የራሷ ደረት ውስጥ ግን የሆነ ነገር አልነበረም፤ እግሯን ሣሩ ይበላት ነበር፣ እሱን ታስታውሳለች።

ሰኞ ማለዳ ለወልደሥላሴ ነገረችው። ቀፎ ሊሰቅል ገመዱን እያዘጋጀ ነበር። ልጅቷ እስከ ዛሬ እንዳላወቀች ሲሰማ እጁ ቆመ።

«ከድልድዩ ጫፍ እየሄደች ትቀመጥ የነበረው ለዚያ ነው እንዴ?» አለ። «እኔ ውኃ ማየት የምትወድ መስሎኝ። ስንቴ አልፌያት ሄጃለሁ።»

ቀፎውን ዛፉ ሥር ትቶት ሄደ፤ ያን ቀን ሥራ አልሠራም።

ቀጸላ እስከ ፋሲካ ድረስ ማንኪራ አልመጣችም። እናቷ ቅዳሜ ስትሄድ ሰላም ትላታለች፣ ያመጣችላትን ትቀበላለች፣ ፊቷን ወደ ጓደኞቿ ታዞራለች። አብርሆት ይህን እያየች አንድ ቀን በዛወርቅን አስቀመጠቻትና በግልጽ ነገረቻት። እሷም ሦስት ዓመት ሲሆናት ፖሊዮ መትቷት ስታድግ፣ ቤት ውስጥ ሁሉም በላይዋ እየተነጋገረ እሷን የሚጠይቅ እንዳልነበረ፣ እሷስ ቢያንስ ትሰማ እንደነበር። ከዚያ ለወላጆች ትምህርት ሊጀመር መሆኑን፣ ብትመጣ እንደሚሻል ጨመረች።

«እኔ አርጅቻለሁ፣ ልጄ» አለች በዛወርቅ።

«እጅዎ አላረጀም፤ እንሰት ይፍቃል።»

መጣች። ደስ ብሏት አልነበረም፤ እንደ ሌላው ሥራ ተነሥታ መጣች። በፍቃት የጠነከሩት ጣቶቿ አልታጠፍ አሉ። ፍቅሩ ሳይሰለች ጣቷን አንድ በአንድ ይዞ ያስተካክልላታል፤ ስትሳሳት አይስቅም፣ ስታገኘው ግን ሁለት እጁን አየር ላይ እያወዛወዘ ያጨበጭብላታል። ወልደሥላሴም ማሩን ራሴ እሸጣለሁ በሚል ሰበብ መምጣት ጀመረ። ከኋላ ይቀመጥና ምንም አይሠራም፤ ቤት ሲገባ ግን ከሚስቱ ይልቅ ብዙ እንደያዘ ይታወቃል። በክረምቱ ማለቂያ በዛወርቅ ብዪ፣ ተኚ፣ ደከመሽ፣ ነገ፣ ረሳሁ፣ እንደገና ማለት ትችል ነበር። የመድኃኔ ዓለም ለታ ቀጸላን መንገድ ላይ አግኝታ በእጇ ደከመሽ ወይ አለቻት። ልጅቷ ቆማ አየቻት። መልሱን ቀስ ብላ፣ ለጀማሪ እንደሚባለው፣ ሰጠቻት።

የድጋፍ ቤቱ ለቀጸላ የስፌት ሥልጠና አገኘላት። ከዚያ በራሕመት አባት ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ተሰጥቷት ዩኒፎርም መስፋት ጀመረች። ደንበኛ እጁን እያማታ ሲያስረዳት አንገቷን ታወዛውዛለች፤ ካልገባት የሱቁን ግድግዳ መትታ ራሕመትን ትጠራታለች። የራሷ የምልክት ስም ወጥቶላታል። የሆነ ሰው መንገድ ማዶ ሆኖ በዚያ ምልክት ሲጠራት ቀና ትላለች።

በአንዱ ቅዳሜ በዛወርቅ ከጨው በቀር ገበያዋን ጨርሳ እዚያ በረንዳ ላይ ከመኪናው አጠገብ ተቀመጠች። ጀምበር እየዘቀዘቀች ነበር። ቀጸላ ክር እየቆረጠች ነበር። ድንገት ፊቷን አነሣችና፣ ስለ ተድላ ጠየቀቻት። ድምፁ እንዴት ነበር አለች። ሰዎች ድምፅ እንደ ፊት ይለያያል ይላሉ፤ የእሱስ ምን ይመስል ነበር?

በዛወርቅ ድምፁን ፈለገችው። በር ላይ ቆሞ ሲጠራት፣ ከብት ሲመልስ፣ በትኩሳቱ መሀል ውኃ ሲል። አፉ ሲከፈት ታያለች፤ ድምፅ የለም። ፊቱም እየራቀ ሄዶ ግንባር ብቻ ሆኖባት ነበር። ልትዋሽ ትችል ነበር፤ ቀጭን ነበር ብትላት ማን ያውቅባታል? እጇን ወደ ግንባሯ አንሥታ፣ ረሳሁ አለቻት።

ቀጸላ አልተቆጣችም። መቀሱን እንደያዘች ጥቂት አሰበች። ከዚያ መቀሱን ጨርቁ ላይ አኑራ፣ እናቷ እንድትከተላት ቀስ ብላ፣ ቀላል ቀላሉን ምልክት እየመረጠች ነገረቻት። እኔ ፊቱን አልረሳሁም። የላይኛው የፊት ጥርሱ ወልቆ ነበር፤ ሲስቅ በእጁ ይሸፍነዋል። በቆሎ ሲበላ በአንድ ጎኑ ብቻ ያኝካል። ሲሮጥ ቁምጣውን በግራ እጁ ይይዛል፤ ቁልፍ አልነበረውም። ጆሮዎቹ ከብርሃን ፊት ሲቆም ቀይ ይሆናሉ።

ቁልፉን በዛወርቅ አስታወሰችው። ነገ እተክልለታለሁ እያለች የቆየችው ቁልፍ ነበር። ቁምጣውን በግራ እጁ እንደያዘ በቡናው መሀል ሲመጣ አየችው፤ ሙሉውን፣ ከነጉልበቱ አቧራ። ያ የደነዘዘ ቦታ፣ ደም ሲመለስበት እንደሚወጋ እግር ወጋት፤ ከዚያ ቆመ። ዓይኗ አሁንም ደረቅ ነበር።

ጨው የምትገዛበት ሱቅ ሊዘጋ ነው፤ መንገዱም ሩቅ ነው። ይህን እያወቀች እጇን አነሣችና፣ እንደገና አለቻት።

ቀጸላ ወንበሯን ወደ እናቷ አዞረች። ከጥርሱ ጀመረች።